በእግር የተዋወቅኸውን በስም እወቀው

ልጄ፣ «የአጎቴ ልጅ እዚሁ ባልባላ አለ፤ ስንገናኝ ግን የምናወራው ይጠፋናል። ስሙን የማላውቀው፣ ቋንቋዬን የማይናገር፣ ማለዳ ማለዳ ከጎኔ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ወንድሜ መስሎ ይሰማኛል። ይህ ነገር ጤና ነው?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ጤና ነው። በሰው አገር ለሚኖር ወጣት ከሚገጥሙት በጎ ነገሮች አንዱ ነውና አትፈርበት። ነገር ግን በጎ ነገር ሁሉ አያያዝ ይፈልጋል፤ የምመክርህም ስለ አያያዙ ነው።

አባቶቻችን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን ተረት ስለ ደም ብቻ የተነገረ አድርጎ ይይዘዋል። እስቲ አህያዋን አስባት። ከአመዱ ጋር ያገናኛት ትውልድ አይደለም፣ መንከባለል መውደዷ ነው። አመድ ባለበት ቦታ ደግሞ ሌላ አህያ አትታጣም። ሰውም አንዱን ዘመዱን በአባቱ ቤት ያገኘዋል፤ ሌላውን ዘመዱን የሚያገኘው የሚወደው ነገር ወደሚሠራበት ቦታ ሲሄድ ነው። በሩን ዘግቶ ስልኩን እየነካካ «በዚህ አገር ሰው የለኝም» የሚል ወጣት ባየሁ ቁጥር «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» የሚለው ትዝ ይለኛል። አንተ ቢያንስ ላሟ ወደምትውልበት ወጥተሃል።

እዚህ ጅቡቲ ከተማ፣ አንተ የምትሮጥበት ሆዳን ለእንዲህ ያለው ዝምድና የተመቸ ሰፈር ነው። ከአምቡሊ ወንዝ ማዶ ባልባላ ላይ ካለው ሕዝብ ብዙው ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረ ነው፤ ወደ ወደብ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ ከባድ መኪና የሚነዳው፣ ግንበኛው፣ ሰው ቤት የምትሠራው። በእኛ አገር ሰው ሲተዋወቅ አስቀድሞ የሚጠያየቀው «የማን ልጅ ነህ? አገርህ ወዴት ነው?» ተባብሎ ነው፤ መልሱም ብዙ ነገር ይወስናል። እዚህ ገና ሳይነጋ መንገድ ላይ ስትወጣ ይህን የሚጠይቅህ የለም። ሰው የሚያይብህ አረማመድህንና አተነፋፈስህን ነው፤ ከዚያም ዛሬ እንደመጣህ ነገም መምጣትህን ነው። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ፣ የሱብሒ አዛን ሲሰማ ከአልጋው ተነሥቶ ጫማውን የሚያስር ሰው ሩጫን ከልቡ የሚወድ ነው። ሌላም ያንኑ ሲያደርግ ስታይ ልብህ ቢያውቀው አይገርምም። ማንም ሳያስገድደው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ አንተ የምትከፍለውን ዋጋ የሚከፍል ሰው አገኘህ ማለት ነው።

በሩጫ ላይ ደግሞ ማስመሰል አይቻልም። በሥራ ቦታ ሰው አለቃውን ፈርቶ ይስቃል፣ በግብዣ ላይ ሆዱ እያረረ ያጨበጭባል። ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን ሁሉም ራሱን ነው። ትዕግሥተኛው ይታወቃል፣ ተንኮለኛውም ይታወቃል፤ ሌላው ሲደክም ፍጥነቱን ቀንሶ የሚጠብቀውም ይታወቃል። «ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም» ይባላል፤ እውነት ነው፣ የሚያበረታውም ግን የለም። አንድ የሕክምና ተማሪ እንዳስረዳኝ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጀልባ ቀዛፊዎች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሞ ነበር። ያንኑ ልምምድ ለየብቻቸው ሲሠሩና በአንድነት ሲሠሩ ሕመምን የመቻል አቅማቸው ተለካ፤ በአንድነት ከሠሩ በኋላ ሕመምን የመቻል አቅማቸው ብቻቸውን ከሠሩት በእጅጉ በልጦ ተገኘ። የድካሙ መጠን አንድ ነው፣ የተለወጠው የሰው መኖር ነው። እኛ ይህን ከዱሮም «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ብለን እናውቀዋለን፤ በመሣሪያ መለካቱ ግን ደስ ይላል።

አሁን አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገርህ። ይህን ታሪክ እዚህ አገር ያለ ኢትዮጵያዊ ወጣት ሁሉ ቢያውቀው እወዳለሁ፤ አብዛኛው ግን አያውቀውም። «ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» ነውና፣ ያን ዘመን የማውቅ ሰው በመሆኔ ልንገርህ።

ከዚህ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በባቡሩ መስመር ስትወጣ አሊ ሳቢህ የምትባል ከተማ አለች። ሁሴን አህመድ ሳላህ የተወለደው እዚያ ነው። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው፤ ገና ስምንት ዓመት ሳይሞላት፣ በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ጃፓን ሂሮሺማ ላይ የመጀመሪያው የዓለም የማራቶን ዋንጫ ሲደረግ፣ ይህ ሰው 2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ገብቶ አንደኛ ወጣ። የአገሩ ልጅ ጀማ ሮብሌህ ሦስተኛ ሆነ፤ የቡድኑንም ዋንጫ ጅቡቲ ወሰደች። ስሟን በካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኝ ጥቂት በነበረበት ዘመን ትልልቆቹን አገሮች ኋላ ያስቀረች እሷ ነበረች። ሮም ላይ በ1979 ዓ.ም. በተደረገው የዓለም ሻምፒዮናም አህመድ ሳላህ የብር ሜዳልያ አገኘ።

እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው ሮተርዳምን ነው። ሚያዝያ 9 ቀን 1980 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የማራቶን የዓለም ሪከርድ በዚያው ከተማ ከሦስት ዓመት በፊት ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ ያስመዘገበው 2:07:12 ነበር። ያን ቀን የእኛው በላይነህ ዲንሳሞ 2:06:50 ገብቶ ሪከርዱን ሰበረው፤ ያ ሰዓት ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ሳይደፈር ቆየ። ይህን ብዙ ኢትዮጵያዊ ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት ሁለተኛ የወጣውን ነው። ሁለተኛው አህመድ ሳላህ ነበር፤ 2:07:07። ልብ ብለህ አስላው፤ እሱም የቀድሞውን የዓለም ሪከርድ በ5 ሰከንድ አሻሽሏል። ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት 17 ሰከንድ ብቻ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዓለም ላይ ማንም ሰው ያልሮጠውን ፍጥነት አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ ጅቡቲያዊ በአንድ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ሮጡት።

እነዚህን ሁለት ሰዎች አንዲት እናት አልወለደቻቸውም፣ ባንዲራቸውም ለየቅል ነው። ይሁን እንጂ አንዱ ባይኖር ሌላው ያን ሰዓት ይሮጥ ነበር ብዬ አላምንም። «አንድ እጅ አያጨበጭብም» እንደሚባለው ነው። ጭንቅህን የሚያውቅልህ፣ በሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ጉልበትህ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ሳትነግረው የሚገባው ሰው ተቀናቃኝህ ሊሆን ይችላል፤ ባዕድህ ግን ሊሆን አይችልም።

ያ ጊዜ በሐዘንም ይታወሰኛል። የሶል ኦሊምፒክ ማራቶን መስከረም 22 ቀን 1981 ዓ.ም. ተሮጠ። የኢትዮጵያ መንግሥት በጨዋታዎቹ ላለመካፈል ወስኖ ስለነበር የዓለም ሪከርድ ባለቤቱ በላይነህ ዲንሳሞ አልነበረም። የሮጠው አህመድ ሳላህ ነው። ጣሊያናዊው ቦርዲን አንደኛ፣ ኬንያዊው ዋኪሁሪ ሁለተኛ፣ እሱ ሦስተኛ ወጣ፤ ከወርቁ የራቀው በ27 ሰከንድ ነበር። ያ ነሐስ ጅቡቲ እስከ ዛሬ ያገኘችው ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳልያ ነው። የራሳችን ልጆች በመንግሥት ውሳኔ ቤት በቀሩበት ጊዜ በዚህ ጎረቤት ሰው ሜዳልያ እኔ በበኩሌ የወንድሜን ያህል ደስ ብሎኛል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ለእህልና ለእሳት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለደስታም ይሠራል።

ይህ ነገር በእነሱ ዘመን አላበቃም። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ የዓለም ሻምፒዮና የ800 ሜትር ፍጻሜ ሲደረግ ወርቁን የወሰደው የእኛው መሐመድ አማን ነው፤ ነሐሱን የወሰደው ደግሞ የጅቡቲው አያንሌ ሱሌይማን ነው። በዓመቱ አያንሌ በፖላንድ ሶፖት በ1,500 ሜትር የቤት ውስጥ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከጅቡቲ ሯጮች መካከል ለልምምድ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የሚወጡ አሉ። እንግዲህ አንተ ሆዳን ላይ ከጎንህ ከሚሮጠው ሰው ጋር የጀመርኸው ነገር አዲስ እንዳይመስልህ፤ ከአንተ በፊት የተጠረገ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ምክሩ ልምጣ።

መጀመሪያ አንደበትህን ክፈት። አንተ ያደግኸው ታላቅ እስኪያናግርህ ድረስ ዝም በል እየተባልህ ነው፤ መልካም አስተዳደግ ነው። መንገድ ላይ ግን «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ይሻልሃል። በሶማሊኛ «ኢስካ ዋራን» ማለት ከባድ አይደለም። የአፋርኛውንም ሰላምታ ከአፋሮቹ ተማር፣ ደስ ይላቸዋል። ፈረንሳይኛ ባትችል አትፈር፣ ከጎንህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ አማርኛ ሰምቶ ያውቃል፤ የጥላሁንንና የማሕሙድን ዘፈን የሚወድ ጅቡቲያዊ በየሰፈሩ ታገኛለህ። ሰውየው ስለሚያውቀው ነገር ጠይቀው። አንተ የመጣኸው ከደጋ ነው፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ሳንባህ እዚህ አይቸገርም፣ የሚጥልህ ሙቀቱና ወበቁ ነው። በስንት ሰዓት መውጣት እንዳለብህ፣ ምን ያህል ውኃ እንደምትጠጣ፣ በምን ዓይነት ቀን ሩጫውን ትተህ ቤትህ መቀመጥ እንዳለብህ እሱ ያውቃል። እሱ ደግሞ ስለ እንጦጦ ዳገትና ስለ ሱሉልታ ሜዳ ቢጠይቅህ ንገረው። ሰው የሚያውቀውን ሲጠየቅ ይከበራል፣ ያከበረውንም ሰው አይረሳም።

ቀጥሎ የምነግርህን ከሁሉ ይበልጥ ያዝልኝ። የሰውየውን ስም እወቅ። ቤቱን እወቅ። ቢቻልህ የአንድ ዘመዱን ስልክ ቁጥር ያዝ።

ይህን የምለው በከንቱ አይደለም። እዚህ ባልባላ ከሰዎች ጋር በየማለዳው የሚሮጥ አንድ የአገራችን ልጅ ነበር። ሁሉም ይወዱት ነበር፣ በቀይ ካናቴራው ነበር የሚያውቁት። አንድ ማለዳ ቀረ፣ በማግሥቱም ቀረ። «ሥራ አግኝቶ ይሆናል» አሉ፤ «አገሩ ገብቶ ይሆናል» አሉ። ከመካከላቸው አንድ ሶማሌ ጎልማሳ ግን አላስቻለውም፤ ከሥራ መልስ በየግቢው እየገባ «ቀይ ካናቴራ የሚለብሰው ሐበሻ ልጅ የት ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ስም የለው፣ የቤት ምልክት የለው። ሲያገኘው ልጁ ወለል ላይ በትኩሳት ወድቆ፣ ውኃ የሚያቀብለው እንኳ አጥቶ ነበር። ጎልማሳው ሐኪም ቤት ወሰደው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ዳነ። እነዚያ ሰዎች ልጁን ከልባቸው ይወዱት ነበር፣ እሱም ይወዳቸው ነበር። በፍቅራቸው ላይ እንከን የለም። የጎደለው ስሙ ነበር፤ ስሙ ባለመታወቁ ሊሞት ደረሰ።

ልጄ፣ ያ ከጎንህ ሲሮጥ የሚሰማህ ወንድምነት እውነተኛ ነው፤ ሆኖም ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚሞላው ከመንገዱ ውጭ ነው። በአገራችን እድር የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰው ጎረቤቱን ቢወድም ሲሞት ማን ድንኳን እንደሚተክል፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ ካልታወቀ ፍቅሩ ብቻውን ሬሳ አያነሣም። ስለዚህ ሰውየው ሦስት ማለዳ ከቀረ ጠይቀው። ከታመመ ብርቱካን ይዘህ ሂድ። ወላጅ ከሞተበት ከሐዘን ቤቱ ገብተህ ተቀመጥ፤ ሥርዓታቸውን ባታውቅ ዝም ብለህ መቀመጥህ ይበቃል። በረመዳን በፊቱ ውኃ አትጠጣ። አርብ እረፍት ነውና ከሩጫ በኋላ ላሖሕ የሚባለውን ቂጣና ሻይ ሲጋብዝህ «ሥራ አለኝ» አትበል፤ ሂድ። በሌላ ጊዜ አንተ ቡና አፍልተህ ጥራው፣ ሦስተኛው ሳይጠጣ እንዳይነሣ።

ሆኖም አትቸኩል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ለሯጭ ከሁሉ በላይ ይሠራል። ሰው አንድ ነገር ከአንተ ጋር ስለወደደ ሁሉ ነገሩ ከአንተ ጋር አንድ ነው ማለት አይደለም። ሩጫ የሚወድ ሌባ አለ። ኳስ የሚወድ ደላላ አለ፤ ይህን የምልህ ልቤ እየደማ ነው። ወደ የመን የሚያሻግሩት ሰዎች ወጣቱን የሚይዙት ብዙ ጊዜ በጠብ አይደለም፣ በወዳጅነት ነው። አብረው ጨዋታ ያያሉ፣ የአንድ ክለብ ደጋፊ ነን ይላሉ፣ «አንተ እንደ ወንድሜ ነህ፣ መንገዱን እኔ አውቃለሁ» ይላሉ። በ2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በኦቦክ በኩል ባለው የጅቡቲ ባሕር ላይ ተገልብጠው ብዙ ወገኖቻችን አልቀዋል። የሩጫ ወዳጅህ ስለ ሩጫ ሲነግርህ እመነው። ስለ ጀልባ፣ ስለ ድንበር፣ ስለ ገንዘብ ሲነግርህ ግን ወዳጅነቱን ወደ ጎን አድርገህ እንደ ባዕድ መርምረው፤ እውነተኛ ወዳጅ ከሆነ አይቀየምህም። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል»፤ የሚያስቸኩልህ ሰው ንጋቱን የሚፈራ ነው።

ጫትንም ሳልጠቅስ አላልፍም፣ ምክንያቱም በዚህ ከተማ ከሰዓት በኋላ ሰውን ከሰው የሚያገናኘው ዋናው ነገር እሱ ነው። በመብራዝ፣ ማለትም በመቃሚያው ቤት፣ ተቀምጦ መቃምም አንድ ነገር በጋራ መውደድ ነው፣ ወግም አለው፣ ጨዋታም አለው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በምርቃና ሰዓት የተገባ ቃል ከምርቃናው ጋር ሲተን ደጋግሜ አይቻለሁ። ከቅጠሉ ጋር አብሮ የሚያልቅ ወዳጅነት በጠዋት አይቆጠርም። አንተ የጠዋቱን ያዝ።

የሩጫ ወዳጅህን ደግሞ እንዳታሰለቸው ተጠንቀቅ። «ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው» ይላሉ። ሰውየው በማለዳ ለአንድ ሰዓት አብሮህ መሮጡ ቀኑን ሙሉ የአንተ ነው ማለት አይደለም፤ ሚስት አለው፣ ልጆች አሉት፣ የራሱ ጎሳና የራሱ ጭንቀት አለው። በአገሩ ፖለቲካ አትግባበት፣ በአገርህም ፖለቲካ አታስገባው። ገንዘብ አትበደረው። ቢያበድርህ ደግሞ በቀኑ መልስ።

የአጎትህን ልጅ ደግሞ አትርሳ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዳይሆንብህ። ከእሱ ጋር የምታወሩት ጠፍቶባችኋል ብለሃል፤ ዘመድነታችሁ ቀርቶ እንዳይመስልህ። ልጆች ሳላችሁ አብራችሁ የምትሠሩት ነበራችሁ፣ ከብት ጠብቃችሁ ወይም ኳስ ተጫውታችሁ ነው ያደጋችሁት። አሁን ስትገናኙ ቁጭ ብላችሁ ትተያያላችሁ፤ የሚያገናኛችሁ ሥራ የለም። እሱ ምን እንደሚወድ ጠይቀኸው ታውቃለህ? ምናልባት ዳማ ይወዳል፣ ምናልባት ባሕር ዳር ወርዶ ዓሣ ማጥመድ ይወዳል። ከባዕድ ሰው ጋር ያሳየኸውን ትዕግሥት ለእሱም አሳየው። እንዲሮጥ አታስገድደው፣ አንተ ወደ እሱ ሂድ። የደም ዘመድ ከሚወደው ነገር ጋር ሲያገኙት እጥፍ ዘመድ ይሆናል።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ወንዶችና ስለ ሩጫ ብቻ አይደለም። እዚህ ከተማ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን አርብ ሲገናኙ በኪሮሽ ዳንቴል ሲሠሩ አያቸዋለሁ። አንዷ ከወሎ ናት፣ አንዷ ከጅማ፣ ሌላዋ ከሐረር፤ ከመካከላቸው የዚህ አገር ሴት ገብታ ስትማር አይቻለሁ። አንዷ የአንዷን ሥራ አንሥታ «ይህን አበባ እንዴት አወጣሽው?» ስትል የሚሰማው ድምፅ የእህት ድምፅ ነው። ደመወዝ የተከለከለች፣ ፓስፖርቷ የተያዘባት ልጅ ችግሯን መጀመሪያ የምትናገረው እዚያ ነው። እህትህም ወደዚህ ከመጣች እዚያ እንድትቀመጥ አድርግ።

በአገራችንም ቢሆን ይህን ነገር በሕዝብ ደረጃ አይተነዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1994 ዓ.ም. ታላቁ ሩጫን ሲያስጀምር 10,000 ሰው አዲስ አበባ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ሮጠ፤ ዛሬ የሯጩ ቁጥር ከዚያ ብዙ እጥፍ ሆኗል። አንድ ዓይነት ካናቴራ የለበሰው ሕዝብ ሲጨፍር፣ ውኃ ሲረጫጭ፣ የወደቀውን ሲያነሣ የሚውልበት ቀን ነው። በማግሥቱ ግን ያ ሁሉ ሰው በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ አይተያይም። ታላቁን ሩጫ እወደዋለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ የሚያሳዝነኝ ማግሥቱ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ሃምሳው ሰው ተዋውቆ ሎሚውን ሲከፋፈል ነው። ሳይተዋወቅ የተሰበሰበ ብዙ ሰው ያው ብዙ ሰው ነው።

እንግዲህ አንድ ነገር አድርግልኝ። ወደ ዲኪል በሚወስደው መንገድ ላይ ግራንድ ባራ የሚባለው ሜዳ አለ፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡ የመኪና ሾፌሮች ሁሉ ያውቁታል። በዚያ ደረቅ ሜዳ ላይ በየዓመቱ 15 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፤ የፈረንሳይ ጦር የሚያዘጋጀው ሲሆን የዚህ አገር ሰዎችም የውጭ ወታደሮችም ይሮጡበታል። ብርዱ ሲገባ፣ ከጎንህ ከሚሮጠው ሰው ጋር ለዚህ ውድድር ተዘጋጁ። ከመዘጋጀታችሁ በፊት ግን ነገ ጠዋት፣ ጫማህን ካሰርህ በኋላ፣ ስሙን ጠይቀው። ያንተንም ንገረው። ቤቱ በየት በኩል እንደሆነም ሳትጠይቀው እንዳትመለስ።